በአማርኛ ተናገሪ ያልኳት ልጅ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለባሌ አልነገርኩትም። ለንስሐ አባቴም ቢሆን፣ ስንት ጊዜ እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ኃጢአት ዘርዝሬ ተመልሻለሁ። አንተ የምታነበው ግን አታውቀኝም። ስለዚህ ስማኝ፤ ሰምተህ ስታበቃ ደግሞ «አይዞሽ» እንዳትለኝ።

በጃንሆይ ዘመን ነቀምቴ ውስጥ አስተማሪ ነበርኩ። አባቴ ከጎጃም የመጣ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው፤ እኔ ግን እዚያው ተወልጄ ከጎረቤት ልጆች ጋር አፈር ፈጭቼ ያደግሁ ነኝና ኦሮምኛን እንደ እናቴ ቋንቋ እሰማለሁ። እሰማለሁ! ይህን ልብ በልልኝ።

ዓርብ ዓርብ ለአራተኛ ክፍል የጤና አጠባበቅ አስተምር ነበር። ስለ ጥፍርና ስለ ጥርስ ብቻ አልነበረም የማስተምረው። ሴት ልጅ ከመንገድ ላይ ተጠልፋ የምትወሰድበት ጊዜ ነበርና፣ ልጃገረዶቹን ከፊት አስቀምጬ፣ «ብቻችሁን አትሂዱ። የማታውቁት ሰው የሰጣችሁን አትቀበሉ። የሚያስፈራችሁ ነገር ካለ ለእኔ ንገሩኝ» እላቸው ነበር። በዚህ ትምህርቴ እኮራ ነበር። ዲሬክተሩም በስብሰባ ላይ አመስግኖኛል።

ሌሊሴ የምትባል፣ አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ የሆናት ተማሪ ነበረችኝ። ቤታቸው በዲጋ መንገድ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ትምህርት ዘግይታ ስለ ጀመረች አማርኛዋ ገና ነበር። ከሦስት የመንደሯ ልጆች ጋር ትመጣለች፤ ከእነሱው ጋር ትመለሳለች።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ደወል ሊደወል ጥቂት ሲቀረው፣ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች።

«እትዬ... ሰው... መንገድ...» አለችና ቃሉ ጠፋባት። ከዚያ ትንፋሽ እስኪያጥራት በኦሮምኛ አወረደችው። «ነምቺ ከራረ ነ ኤገ» አለችኝ፤ ሰውዬው መንገድ ላይ ይጠብቀኛል ማለቷ ነው። ትናንት መንገዷ ላይ ካለው ወንዝ ዘንድ ከሌላ ሰው ጋር ሁለት ፈረስ ይዞ ቆሞ እንደ ነበር፣ ስሟን ጠርቶ እንደ ሳቀ፣ ለእናቷ መንገር እንደ ፈራች ሁሉን ነገረችኝ። ሁሉንም ሰማሁ።

በትምህርት ቤቱ ግቢ ግን ኦሮምኛ መናገር ክልክል ነበር። ዲሬክተሩ በመስኮቱ በኩል ቆም ብሎ ሲያየን አየሁት። እንዳልሰማ ሆንኩ።

«በአማርኛ ተናገሪ» አልኳት።

«እትዬ፣ አማርኛ... አጣሁ።»

«እንግዲያው ቀርተሽ ክፍሉን ጥረጊ። ጠርገሽ ስትጨርሺ ታገኚዋለሽ።»

ልጆቹ ሳቁ። ዲሬክተሩም ፈገግ ብሎ አለፈ። ደወሉ ሲደወል ሦስቱ ጓደኞቿ ሊጠብቋት በሩ ላይ ቆሙ። ማን አባረራቸው? እኔ! «ምን ይገትራችኋል? ወደ ቤታችሁ!» ብዬ የጮህኩባቸው እኔ ነኝ። ብቻችሁን አትሂዱ ያልኩት ሴትዮ፣ ያቺን ልጅ ብቻዋን ወደዚያ መንገድ ላክኋት። ጠርጋ ስትጨርስ መጥረጊያውን ጥግ አስደግፋ፣ እጅ ነሥታኝ ወጣች።

በማግስቱ አባቷ ኦቦ ፉፋ በእግራቸው መጡ። ቤት አለመድረሷንና ደብተሯ ወንዙ ዳር መገኘቱን ነገሩን። ዲሬክተሩ ባለበት በተሰባበረ አማርኛ፣ «ልጄ ለእርስዎ ምንም አልነገረችም ወይ?» አሉኝ።

«ምንም አልነገረችኝም» አልኩ።

ዲሬክተሩ «ያገሩ ልማድ ነው፤ ሽማግሌ ይጨርሰዋል» ብሎ ወደ ቢሮው ገባ። ሽማግሌም ጨረሰው! ከብት ተነዳ፤ ምርቃት ወረደ፤ ጠላፊው አማች ተባለ። እሷን ማን ጠየቃት? የሷን ቃል ለመጠየቅ ከዚያ ሁሉ ሽማግሌ አንድ ሰው አፉን አልከፈተም። እኔ ግን በምን አፌ ነው በሽማግሌ የምቆጣው? እነሱ አልጠየቋትም፤ እኔ ሳልጠይቃት ነግራኝ ነው የተውኳት። በቀጣዩ ዓርብ ያንኑ ትምህርቴን አስተማርኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

«ደንቡ ነው ያስገደደሽ» ትለኝ ይሆናል። አትበለኝ! እጇን ይዤ ወደ ውጭ ባወጣት፣ በጆሮዋ «ሰምቼሻለሁ» ብላት፣ ወንዙን እስክትሻገር ብሸኛት ማን ይከለክለኝ ነበር? ምን ፈራሁ? አንድ ግልምጫ ፈራሁ። ልጅቱን በአንድ ሰው ግልምጫ ለወጥኳት።

ከዓመታት በኋላ ነቀምቴ ገበያ ውስጥ፣ አንድ የጉራጌ ነጋዴ ሱቅ ደጃፍ ላይ፣ ሕፃን ያዘለች ሴት «እትዬ!» ብላ ጠራችኝ። ሌሊሴ ነበረች። እጄን ይዛ ሳመችኝ። አማርኛዋን ገበያው አስተካክሎላት ነበር።

«ያን ዕለት በኦሮምኛም አበላሽቼ ነግሬዎት ይሆናል» አለችኝ አንገቷን ደፍታ። «ትንሽ ልጅ ነበርኩ፤ ፈርቼም ነበር። በደንብ ነግሬዎት ቢሆን ኖሮ አይተዉኝም ነበር።»

ያን ሁሉ ዓመት ራሷን ስትወቅስ ኖራለች! እኔ ምን አልኩ? «ልጅሽ ታምራለች» ብያት መንገዴን ቀጠልኩ። ከፊተኛው በደሌ ይህ ይብሳል። ያኔ ዲሬክተር ቆሞብኝ ነበር። በገበያው መሐል ግን የሚያየኝ አልነበረም፤ አንዲት ቃል ብተነፍስ ሸክሟን አወርድላት ነበር።

ከዚያ ወዲህ አላየኋትም። በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም። ይቅርታ አልለምንም፤ ይቅር ማለት የምትችለው እሷ ብቻ ናት፣ እሷ ደግሞ የበደልኳትን እንኳ አታውቅም። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ከሞትኩ በኋላም ቢሆን ይህን የሚያነብ ሰው ይወቅላት። ሌሊሴ አንድም ቃል አልተበላሸባትም። እኔም አንድም ቃል አላመለጠኝም።