የይሉኝታ ጠጠር

እኛ በቆቦ ዙሪያ ያለን ገበሬዎች የማኅበር ሊቀመንበር የምንመርጠው እጅ እያወጣን ነበር። ማን እንደሚያሸንፍ ግን ሽማግሌዎች ቀደም ብለው ከግራሩ ሥር ይጨርሱታል። ለተሸናፊውም እንዳያፍር ጥቂት እጅ ይወጣለታል። እጁ ከበዛ አንዱ ሽማግሌ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ሰውም ቀስ ብሎ ያወርዳል።

የብሔራዊ ውትድርና ዘመን መጣና ባሌ ለሊቀመንበርነት ታጨ። ባሌ የታዘዘውን ሳያጓድል የሚፈጽም፣ ውሸት የማይሆንለት ሰው ነው። የሰው ልጅ ለጦር መልምል ቢሉት ይመለምላል፤ ከዚያ በጸጸት እህል ውኃ አይቀምስም። ተፎካካሪው ደግሞ እንቅልፋም ነበር፤ ትእዛዝ እሱ ጋ ከደረሰ ጠፋ ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ "ለዚህ ዘመን የሚሆነን እንቅልፋሙ ነው" ብለው ቆረጡ። ባሌም እኔም እፎይ አልን።

የምርጫው ቀን ከከተማ የመጣው ካድሬ እጅ ማውጣት ቀርቷል፣ ሴቶችም ምረጡ አለን። ከመጋረጃ ጀርባ ሁለት ጣሳ ተቀመጠ፤ በአንዱ የማረሻ፣ በሌላው የጃንጥላ ሥዕል ተለጥፎበታል። የባሌ ማረሻው ነው። ሁላችንም በየተራ ብቻችንን እየገባን አንድ አንድ ጠጠር ጣልን። ጉሮሮ የሚጠርገው ሽማግሌ ውጭ ቆሞ ምኑን አይቶ ይጥረግ?

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ጣሳዎቹ ሲገለበጡ የማረሻው ጠጠር ተንዶ ወረደ። ካድሬው አጨበጨበ። እኛ እርስ በርስ ተያየን።

ወደ ቤት ስንመለስ ጎረቤታችን ባሌን ጠጋ ብሎ፣ "ወላሂ፣ ሌላው ሁሉ ለእንቅልፋሙ ይሰጣል፣ አንተ ባዶህን እንዳትቀር ብዬ ነው የሰጠሁህ" አለው። ትንሽ እንደሄድን ሌላው መጣ፤ እሱም ያንኑ አለ። ሦስተኛውም እንዲሁ። ራሴ ዞረብኝ። ልቆጣ ፈለግሁ፤ ግን በማን? ሁሉም የወደደው መስሎት ነው።

"አንቺስ ለማን ጣልሽ?" አለኝ ባሌ።

"እኔማ ለእንቅልፋሙ።"

ሳቀ። "እንግዲያ ያዘንሽልኝ አንቺ ብቻ ነሽ" አለ። ልሳቅ ላልቅስ ግራ ገባኝ።

ማሽላው ሳይታጨድ የምልመላው ትእዛዝ መጣ። ዕጣ ሲወጣ ለጎረቤታችን ልጅ ደረሰው። አባትየው ደጃችን መጥቶ ቆመ።

"ያቺን ጠጠር እንዳታፍር ብዬ ነበርኮ የጣልኩልህ" አለ።

ባሌ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

"አፈርኩ" አለው።