ግዙፉ ሰው የታጠበበት የእድር ሰታቴ

የእድራችን ዕቃ የሚቀመጠው ቴፒ፣ እኛ ቤት ጓዳ ውስጥ ነው። ሰው ሲሞት ጡሩምባው ይነፋል፤ ከዚያ ወንዶቹ ለድንኳኑና ለአግዳሚ ወንበሮቹ፣ ሴቶቹ ለሰታቴዎቹና ለትሪዎቹ ወደ ግቢያችን ይመጣሉ። ቁልፉ ያለው በእናቴ እጅ ነው። በክር አስራ አንገቷ ላይ ታንጠለጥለዋለች። አባላቱ መርጠው የሰጧት ኃላፊነት ስለሆነ ትኮራበታለች፣ ኩራቷን ግን በአፏ አትናገርም። ሰታቴ ሲመለስ አገላብጣ ታያለች፣ ታሸታለች፤ ጥጉ ላይ የወጥ ቅሪት ካገኘች ምንም ሳትናገር ላመጣው ሰው መልሳ ታስይዘዋለች። ሰፈሩ የሚፈራው ያንን ዝምታዋን ነው።

እኔ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። የደረሰኝ ቅርብ፣ ሚዛን ከተማ ስለሆነ ቅዳሜ ሲመቸኝ ወደ ቤት እመጣለሁ። ከትምህርቴ ጎን የያዘኝ ነገር ስሪዲ የሚሉት ሥራ ነው። በኮምፒውተር ላይ አንድ ዕቃ ይሠራል፣ ከፊትም ከኋላም እያዞሩ ያዩታል፣ እንደ እውነተኛ ነገር ብርሃንና ጥላ ይሰጡታል። እንደ እኔ ለደስታቸው ብቻ የሚሠሩ ሰዎች ከየአገሩ የሚገናኙበት አንድ ድረ ገጽ አለ። አንዱ ወንበር ሠርቶ ያስቀምጣል፣ ሌላው ፋኖስ፣ ሌላው በርሜል፤ የፈለገ ሰው በነጻ አውርዶ በራሱ ሥዕል ውስጥ ያስገባዋል። እኔም ከአንዱ ዛፍ፣ ከሌላው መስኮት፣ አንድ ጊዜም ዓይኑ ትንሽ የተንሸዋረረ አህያ ወስጃለሁ። ስወስድ ከርሜ ግን ማፈር ጀመርኩ። በሰፈራችን ጎረቤት በሰሃን አንድ ነገር ከላከ ሰሃኑ ባዶውን አይመለስም። እኔ ደግሞ የስንቱን ሰው ሰሃን ይዤ ቁጭ ብያለሁ።

ምን ልስጥ ብዬ ሳስብ ጓዳችን ትዝ አለኝ። ጎራዴና ቤተ መንግሥት የሚሠራ ሞልቷል፤ ሰታቴ የሠራ ሰው ግን አላየሁም።

እናቴን አስፈቀድኳት። ዕቃው ከጓዳ ይወጣ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አይወጣም አልኳት። ካልወጣ ችግር የለም ብላ ከፈተችልኝ፣ እሷም በሩ ላይ ቆመች። ትልቁን ሰታቴ በሜትር ለካሁት፣ በየአቅጣጫው ፎቶ አነሳሁት። ማሻ ከተማ ለቀብር ሲሄድ ከመኪና ላይ ወድቆ ጎኑ የተጨረመተውን እንኳ አልተውኩም። በእድራችን ዕቃ ሁሉ ላይ ምልክት አለ፤ እጀታው ቀይ ይቀባል፣ ከንፈሩ ስር ደግሞ ቀይ ክብ ይደረግበታል። ያንን ሳላስገባ ብቀር ስለ ሰታቴው የዋሸሁ መሰለኝ። ስለዚህ ቀለሙን፣ የቀቢው እጅ ተንቀጥቅጦ የፈሰሰችውን ጠብታ ሳትቀር፣ እንዳለ ሠራሁት። ከዚያ ካምፓስ ስመለስ ኢንተርኔቱ ደህና ሲሆን ጠብቄ ድረ ገጹ ላይ አስቀምጬ ለዓለም ሰጠሁት።

ብዙም ሳይቆይ አገሩን የማላውቀው አንድ ሰው ሥዕል ላከልኝ። ኮረብታ የሚያክል ግዙፍ ሰውዬ ሰታቴያችን ውስጥ ተቀምጦ ገላውን ይታጠባል። ጉልበቶቹ ጆሮው ድረስ ወጥተዋል፣ ራሱ ላይ አረፋ ተቆልሏል፣ አንዲት ወፍ ፎጣ ይዛ ቆማለች። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ስለነበርኩ ሳቄን ለማፈን ደብተሬን ነከስኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከመናኸሪያ በቀጥታ ወደ እድራችን ዳኛ ሱቅ ሄድኩ። ከጅማ አካባቢ መጥተው እዚህ የቆዩ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ሐጂ ነው የሚላቸው። የእድራችን ዕቃ የት እንደደረሰ ባሳያቸው ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። መጀመሪያ ሳቁ። መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና ሳቁ። ከዚያ በሁለት ጣታቸው ሥዕሉን አሰፉትና ሳቃቸው ቆመ።

«ይሄ ቀይ የኛ ቀለም አይደለም?»

«አዎ ሐጂ» አልኩ፣ ሊያመሰግኑኝ ነው ብዬ። «ምልክቱንም አልተውኩም።»

«ሰውየው አባል ነው?»

ሥዕል መሆኑን ለማስረዳት ሞከርኩ። ሥዕል መሆኑ እንዳልጠፋቸው ነገሩኝ። ነገር ግን ያ ቀለም የተቀባው ዕቃው የሐዘን ቤት መሆኑ እንዲታወቅ ነው፤ በእድር ሰታቴ ውስጥ ሰው እግሩን ሲያሽ ያየ ነገ ከዚያ ሰታቴ እንዴት ይበላል አሉ። እሳቸው ይህን ሲሉ ነጠላ የምትመርጥ አንዲት ጎረቤታችን አንገቷን አስግጋ ስልኬን አየች።

«ለካ ባለፈው ወጡ ሳሙና ሳሙና ያለኝ ወዶ አይደለም» አለች።

ቀልዷ ነበር። ሰፈር ሲደርስ ግን ቀልድነቱ ቀረ። እናቴ የእድር ዕቃ ለፊልም ሠሪዎች ታከራያለች ተባለ። ሐጂ ወሬውን ሲሰሙ በዚያው ቀን መጥተው ከበር ሳያልፉ፣ በጣም በትሕትና፣ አባላት ተሰብስበው እስኪነጋገሩ ድረስ ቁልፉ እሳቸው ዘንድ ቢቆይ እንደሚሻል ተናገሩ። እናቴ ክሩን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠቻቸው። እኔን አልተቆጣችኝም። ብትቆጣኝ በተሻለኝ። ሥራ እየሠራች እጇ በየመሀሉ ወደ አንገቷ ይሄድና ምንም ሳያገኝ ይመለሳል።

ከድረ ገጹ ላይ ላጥፋው ብዬ ጠየቅኳት።

«አንዴ የሰጠሽውን ከሰው እጅ ትነጥቂያለሽ?» አለችኝ።

ስለዚህ አላጠፋሁትም። ከሰታቴው ስር አንድ ማስታወሻ ጻፍኩ፤ ስጽፍና ስሰርዝ ቆይቼ በመጨረሻ እንዲህ አልኩ፦ ይህ ዕቃ የእድር ነው፤ እድር ማለት ጎረቤቶች አንድ ላይ ሆነው ሰው የሞተበትን ቤት የሚረዱበት ማኅበር ነው፤ በዚህ ሰታቴ የሚበስለው ለሐዘንተኛና ሊያስተዛዝን ለመጣ ሰው ነው፤ እባካችሁ ከቻላችሁ ሰው አትጠቡበት።

ስብሰባው በሳምንቱ እሑድ ሐጂ ግቢ፣ ማንጎው ስር ተደረገ። እናቴ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ሐጂ ነገሩን ሳያጋንኑ አስረዱ፤ ከዕቃው የጎደለ የለም፣ ለፊልም ተከራየ የተባለውም ሐሰት ነው፤ ጥያቄው ምልክታችን ያለ አባላት ፈቃድ መውጣቱ ነው፣ ቁልፉም በዚሁ ሰው እጅ ይቀጥል ወይስ ሌላ ይመረጥ አሉ። አንድ ሰው ሌላ ይመረጥ አለ። ሌላው፣ ልጅቷ አንዴ ከጀመረች ድንኳኑንም ትሥራውና ቢያንስ ያኛው ዝናብ አያፈስም አለ። ሐዘን ቤት ሁልጊዜ ወጥ የምትሠራዋ ሴትዮ ደግሞ ግዙፉ ሰው ታጥቦ ሲጨርስ ሰታቴውንም አብሮ አጥቦ ከሆነ ከዚህ ካለው ሰው ይሻላል ብላ አንዳንዱን በዓይኗ ጠቆመች። ብዙ ሰው ሳቀ፣ እናቴ ግን ቀና አላለችም።

እኔም እጄን አውጥቼ ተነሳሁ። ያን ዕለት ጠዋት የመጀመሪያውን ሥዕል የላከልኝ ሰው አዲስ ልኮልኝ ነበር፤ የጻፈው አንድም ቃል የለም። ግዙፉ ሰውዬ አሁን ልብሱን ለብሷል። አንዲት ትንሽ ቤት ደጃፍ መሬት ላይ ተቀምጦ አንገቱን ደፍቷል፤ አግዳሚ ወንበር አይችለውም። ዙሪያውን ትንንሽ ሰዎች ከበውታል። ሰታቴያችን ሦስት ጉልቻ ላይ ተጥዷል፣ ቀዩ ክብ ወደ እኛ ዞሯል። ወፏ ጭልፋ ይዛለች።

ስልኬ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የዞረበት ቦታ ሁሉ ወሬው ይቆማል። መጨረሻ ላይ እናቴ ጋ ደረሰ። ከዓይኗ አራቅ አድርጋ ይዛ ረጅም ጊዜ አየችው።

«ማን ሞቶበት ነው?» አለች።

ማንም አልሳቀም። እንደማላውቅ ነገርኳት።

«እንዴት አታውቂም? የኛ ሰታቴ ሰው ደጅ ተጥዶ፣ ማን እንደሞተ ሳንጠይቅ?»

ሐጂ አባላቱን ዞረው አዩ። ሌላ ይመረጥ ያለውም ሰው አልተቃወመም። ሐጂ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ቁልፉን አወጡ፤ ወደ እሳቸው እንድትመጣ አልጠሯትም፣ ራሳቸው ተነስተው እናቴ የተቀመጠችበት ድረስ ሄደው ሰጧት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ጻፊለትና ጠይቂው፣ ልጄ። በእድሩ ስም ጠይቂው።»

ከሰዓት በኋላ ጻፍኩለት። መጀመሪያ፣ እሱንስ አላሰብኩበትም ብሎ መለሰ። ትንሽ ቆይቶ ሌላ መልእክት ላከ፤ የሞተችው መሰላል ላይ ቆማ ልብሱን ትሰፋለት የነበረች አሮጊት ጎረቤቱ ናት አለ። እናቴ ጓዳ ውስጥ ዕቃዎቿን አንድ በአንድ እየነካካች ነበር። በአማርኛ አነበብኩላት።

«ነፍሷን ይማር» አለች። «ግን ያን ሰውዬ በአንድ ሰታቴ አይወጡትም። ሁለተኛውንም ሥሪላቸው።»

ለፎቶ ብርሃን እንዳገኝ ሁለተኛውን ሰታቴ ወደ በሩ ታስጠጋ ጀመር።