እትዬ ጭልፋና የተፈጨው ድንች

የሆስፒታሉ ወጥ ቤት ሠራተኞች ሁሉ እትዬ ጭልፋ ነው የሚሏት። እጀታው የረዘመ ጭልፋ ከሽርጧ ኪስ ጠፍቶ አያውቅም፤ ስትቆጣ በሱ ትጠቁማለች፣ ስትስቅ በሱ የድስት ክዳን ትመታለች። ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎታል። አንዲት ልጇ አግብታ ሩቅ ከተማ ስለምትኖር፣ ከሥራ ወጥታ ቤቷ ስትገባ የሚያናግራት ሬዲዮ ብቻ ነው። ወጥ ቤቱ ውስጥ ግን እሷ ሳትጠየቅ ሽንኩርት እንኳ አይላጥም ነበር።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ድርሻዋ ለስላሳ ምግብ ነው፤ ጥርስ ለሌላቸው፣ ጉሮሯቸው ለታመመ፣ ከቀዶ ሕክምና ገና ለተነሱ። ከሁሉ በላይ የምትታወቀው በተፈጨ ድንችና ካሮት ነው። ሁለቱን ባንድ ድስት ትቀቅላለች፣ በእንጨት መደቆሻ ትፈጫለች፣ ወተትና ቅቤ ጨምራ ታዋህዳለች፣ ከዶሮ ሾርባው አጠገብ በጭልፋ ከመር ታደርገዋለች። “ይሄ ምግብ አይደለም፣ ማባበያ ነው” ትላለች። እውነትም አልበላም ብሎ ፊቱን ያዞረ በሽተኛ ሁሉ ከሷ ድንች ሁለት ማንኪያ አይከለክልም ነበር።

ከበሽተኞቹ ሁሉ የምትወዳቸው አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ነበሩ። በዓይኗ አይታቸው አታውቅም። የተኙት ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ስትሮክ ቀኝ ጎናቸውን ይዞባቸው ምግብ መዋጥ ያስቸግራቸዋል። የፎቁ ነርስ ባዶ ሳህን ይዛ ወደ ወጥ ቤቱ ማቀበያ መስኮት ስትመጣ የሳቸውንም መልእክት ታመጣለች።

“አባባ ልብስ ሰፊው ‘እጇ ይባረክ፣ እናቴ የሠራችልኝ ነው የመሰለኝ’ ብለዋል።”

እትዬ ጭልፋ አፏን በሽርጧ ሸፍና፣ “ኧረ እሳቸው! አፋቸው እንደ ጎረምሳ ነው” ትላለች። ያቺ ቃል ግን እስከ ማግስቱ ስንቅ ትሆናታለች። አውቶቡስ ውስጥ ቆማ ትዝ ሲላት ብቻዋን ፈገግ ትላለች።

አንድ ሰኞ ጠዋት የወጥ ቤቱ አለቃ ሠላሳ ስድስት ዓመት የሚሆናት ሴት ይዞ ገባ። ከሆቴል ሥራ የመጣች ናት።

“እትዬ፣ ሥራው በዝቶብሻል” አለ። “ከነገ ጀምሮ ለስላሳውን ምግብ አንድ ቀን አንቺ፣ አንድ ቀን እሷ ትሠራላችሁ።”

“በዝቶብኛል ብዬህ ነበር?”

“አላልሽም። እኔ ነኝ ያልኩት።”

ሴትየዋ ጎንበስ ብላ፣ “እንደምን አደሩ እትዬ? እየጠየቅኩዎት እሠራለሁ” አለች። በዚያው ዕለት ስሟ “አዲሷ” ሆኖ ቀረ።

ማክሰኞ የመጀመሪያ ድስቷን ጣደች። ምንም አልጠየቀችም። እትዬ ጭልፋ ሩዝ እየለቀመች በዓይኗ ጠርዝ ታያታለች። አዲሷ ካሮቱን አስቀድማ ጨመረች፤ ድንቹን ቆየት ብላ አስከተለች። ሲበስሉ ውሃውን ጥንፍፍ አድርጋ ደፋችና ድስቱን መልሳ ቀስ ያለ እሳት ላይ አስቀመጠችው፤ እንፋሎቱ እስኪያልቅ ወዘወዘችው። ወተቱን ደግሞ ለብቻው አሙቃ ነበር።

“ድስት ልታሳርር ነው እኮ!” አለች እትዬ ጭልፋ በሆዷ፣ ደስ እያላት። ድስቱ አላረረም።

ከምሳ በኋላ ሳህኖቹ ተመለሱ። እትዬ ጭልፋ የተመለሰ ሳህን ማንበብ ታውቅበታለች፤ ማን እንደጠላው፣ ማን እንደደከመው፣ ማን ለጎረቤቱ እንዳካፈለው ከተረፈው ትለያለች። ያን ቀን ግን የሚነበብ አልነበረም። ሁሉም ተልሷል። ነርሷ መስኮቱ ላይ እጇን ደግፋ፣ ምንም ክፋት ሳይኖራት እንዲህ አለች፦

“የዛሬውን ማናችሁ ናችሁ የሠራችሁት? አባባ ልብስ ሰፊው ደግሜ ካልበላሁ አሉ! ‘ጥጥ ነው የዋጥኩት፣ ያቺንም ሴት እጅሽ ይባረክ በያት’ ብለዋል።”

እትዬ ጭልፋ ሳህን መደርደሯን አቆመች። ምርቃቱ የሷ ነበር። ቃል በቃል የሷ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰላም አጣች። በአዲሷ ቀን የሚመለሱትን ሳህኖች ቆማ ትቆጥራለች፣ በራሷ ቀን የሚመለሱትንም ትቆጥራለች፤ ሁለቱ ቁጥሮች ሲራራቁ ደሟ ይፈላል። “ቅቤ ስለምታበዛ ነው” አለች ለሽንኩርት ላጩ። አዲሷ ቅቤውን የምትለካው በማንኪያ እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ሲስቁ ከሰማች ስለሷ ይመስላታል። አዲሷ “ደከመዎት እትዬ፣ ልቀበልዎ” ስትላት እንኳ፣ “አሮጊት ናት ልትለኝ ነው” ብላ ድስቱን በግድ ብቻዋን ታነሳለች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቷ ውስጥ በሯን ዘግታ አራት ድንችና ሁለት ካሮት ቀቀለች፤ እንደ አዲሷ አጠንፍፋ፣ እንደ አዲሷ ወተቱን አሙቃ። ቀመሰችው። ከራሷ በጣም ይሻል ነበር። ማንኪያውን እንደያዘች ሙሉውን ድስት ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ገለበጠችው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ውሃ የቋጠረ ድንች ሳበላ ኖሬያለሁ ከማለት ጦሟን ማደር ቀለላት።

የባሰው ሐሙስ መጣ። የሷ ቀን ነበር። ነርሷ እየሳቀች፣ “አባባ ጠዋት ጠዋት ‘ዛሬ የማንኛዋ ቀን ነው?’ እያሉ ይጠይቁኛል” አለቻት። “ዛሬ የእትዬ ነው ስላቸው ‘እንግዲህ ነገን እጠብቃለኋ!’ አሉኝ።”

እትዬ ጭልፋም አብራ ሳቀች። ከሥራ ስትወጣ ግን የእንጨት መደቆሻውን ከመስቀያው አንስታ በሻርፗ ጠቀለለችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ወጥ ቤቱ ውስጥ ሌላ ደህና መደቆሻ አልነበረም። አንድ ቀን ትቸገርልኝ ብላ ነው፤ ነገ ከምሳ በኋላ በቦታው ልትመልሰው አስባለች።

አርብ ረፋዱ ላይ አዲሷ መሳቢያውን ሁሉ ከፈተች፣ የማጠቢያውን ሥር ዳበሰች።

“እትዬ፣ መደቆሻውን አይተውታል?”

“ትናንት አጥቤ ሰቅዬዋለሁ።” ውሸቱ ሳይደናቀፍ ወጣ። ቦርሳዋ ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል።

አዲሷ በሹካና በብረት ኩባያ ቂጥ መጨፍለቅ ጀመረች። ሰማንያ ሳህን ነው። ትኩሱ ድንች እየተፈናጠረ እጇን አቃጠላት። ሰዓቱ ነጎደ፤ ነርሶቹ መስኮቱን ያንኳኳሉ፤ አለቃው “ቶሎ በይ እንጂ!” ይላል። በመጨረሻ የደረሰላትን ያህል ጨፍልቃ አወጣችው።

ብዙም ሳይቆይ የሦስተኛ ፎቋ ነርስ እያለከለከች መጣች። በመስኮቱ ሳይሆን በበሩ ነው የገባችው።

“ድንቹ ውስጥ ያልተፈጨ ጓል ነበረበት! አባባ ልብስ ሰፊው ታነቁ!”

እትዬ ጭልፋ፣ “በሕይወት አሉ?” አለች።

“አሉ። ዶክተሩ ደርሶ አወጣላቸው። ግን ፊታቸው ጠቁሮ ነበር።”

አዲሷ የድንች ጆንያው ላይ ዝርግት ብላ ተቀመጠች። የተቃጠሉ ጣቶቿን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች። አለቃው ከበላይዋ ቆሞ፣ “ለበሽተኛ እንዲህ ያለ ምግብ ይወጣል? ዕቃሽን ሰብስቢ!” አለ።

እትዬ ጭልፋ ወደ በሩ ሄደች። ቦርሳዋን ከምስማሩ አወረደች፣ መደቆሻውን ከሻርፑ ፈታችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

“እኔ ነኝ” አለች። “እኔ ነኝ የደበቅኩት። እሷን ተዋት።”

አዲሷ መጀመሪያ መደቆሻውን፣ ቀጥሎ እሷን አየች።

“ምን አድርጌሽ ነው?”

ሁልጊዜ በአንቱታ ነበር የምትጠራት። “አንቺ” ስትላት የመጀመሪያዋ ነው።

“ምንም። ጥሩ ስለሠራሽ ነው” አለች እትዬ ጭልፋ። “ቀንቼ ነው።”

“ሰው ሊሞት ነበር እኮ! በኔ እጅ! ስንት ዓመት ሙሉ ‘ሰው ገደልኩ’ ስል ልኖር ነበር!” አዲሷ ተነስታ ወደ ጓሮ ወጣች፤ በሩን ጓ አድርጋ ዘጋችው።

አለቃው እትዬ ጭልፋን ሊያባርራት ፈልጎ ነበር። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷን አስቦ ማስጠንቀቂያ ጻፈባትና ለስድስት ሳምንት ሳህን አጠባ ላይ መደባት። እሷም አልተከራከረችም። ከሰዓት በኋላ ሽርጧን አውልቃ ሦስተኛ ፎቅ ወጣች።

ልብስ ሰፊው ከገመተችው በላይ ቀጭን ነበሩ። በደህናው እጃቸው የብርድ ልብሱን ጠርዝ ስፌት ይዳብሳሉ። እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ቆማ አንድም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። ቀስ ብለው፣ ቃሉን ከአፋቸው እየጎተቱ መለሱ።

“አንቺ ነሽ… የፊተኛዋ?”

“አዎ፣ አባባ።”

“ነገን እጠብቃለሁ ያልኩት… ለጨዋታ ነው። ሁለታችሁንም… አመሰግን ነበር።” የብርድ ልብሱን ጠርዝ ለቀቁት። “አሁን ሂጂ።” ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሳህን ስታጥብ ሰነበተች። ቅናቱ እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ ነገር አልነበረም። አዲሷ አሁን በየቀኑ ነው የምትሠራው፤ የተላሱት ሳህኖች የሚመጡት ደግሞ ለሷ ነው። አንዳንዱን ሳህን ንጹሕ ሆኖ ሳለ በእልህ ትፈገፍገዋለች። ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ሦስት እርምጃ ተራርቀው ይውሉና፣ “ሙቅ ውሃ አቀብይኝ” ከማለት ሌላ አይነጋገሩም።

በአምስተኛው ሳምንት፣ አዲሷ ድንቹን እያጠነፈፈች ሳለ፣ እትዬ ጭልፋ እጇን ሳሙና ውስጥ እንደነከረች ጉሮሮዋን ጠረገች።

“አሳዪኝ እስቲ።”

አዲሷ ዞር ሳትል ድስቱን ሁለቴ ሦስቴ ወዘወዘች። እትዬ ጭልፋ አልሰማችኝም ብላ ወደ ሳህኖቿ ልትመለስ ስትል መልሱ መጣ።

“መጀመሪያ እጅሽን ተለቃለቂ።”

ትምህርቱ በዚያው ተጀመረ። አንቱታው ግን ተመልሶ አልመጣም፤ እትዬ ጭልፋም አልጠየቀችውም።

ልብስ ሰፊው ተሽሏቸው ቤታቸው ከገቡ አሥር ቀን እንዳለፈ፣ አንዲት ሴት ባዶ ሳህን ይዛ ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ቆመች። ልጃቸው ናት።

“ድንቹን የምትሠሩት እናንተ ናችሁ?” አለች፣ ሰላምታም ሳትጨምር። “እናቴ ከሞተች ጀምሮ አባቴን የማበላው እኔ ነኝ። አሁን የኔን አንድ ማንኪያ ቀምሶ ይገፋዋል። ‘እንደ ሴቶቹ አይደለም’ ይለኛል።”

“የማንኛችንን ቀን ነው የሚሉት?” እትዬ ጭልፋ ሳታስበው አመለጣት። አዲሷ በክርኗ ጎሸመቻት።

“እኔ ምን አውቄ! ሁለታችሁንም ባላውቃችሁ ደስ ይለኝ ነበር” አለች ልጅቱ። “እንዴት እንደሚሠራ ንገሩኝና ልሂድ።”

“ካሮቱን አስቀድሚ” አለች አዲሷ።

“ወተቱ ይሙቅ” አለች እትዬ ጭልፋ። “ቅቤው ግን ከወተቱ በፊት።”

“ከወተቱ ጋር ነው።”

“በፊት ነው አልኩሽ!”

ልጅቱ ከንፈሯን ነክሳ ተራ በተራ ታያቸዋለች። ዓይኗ ቀልቷል። እትዬ ጭልፋ ያንን ዓይን ታውቀዋለች፤ የራሷ ነበር። ክርክሩን ተወችውና የጎኑን በር ከፍታ፣ “ግቢ የኔ ልጅ፣ በወሬ የሚያዝ ነገር አይደለም” አለቻት። ትርፍ ሽርጥ አስታጠቀቻት፣ ቢላዋና አንድ ትልቅ ድንች እጇ ላይ አኖረችላት።

ልጅቱ እየተነፋረቀች መላጥ ጀመረች። ከልጣጩ ጋር ግማሽ ድንች ነው የምትጥለው። አዲሷ ልታርማት አፏን ስትከፍት፣ እትዬ ጭልፋ ከጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጠቻት።