ሁለተኛው ልክ

አጎቴ ልብስ ሰፊ ነበር። የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ሁለቴ» ይለዋል፤ የማንንም ሰው ልክ ሁለት ጊዜ ስለሚወስድ የወጣለት ስም ነው።

«ሰው ሜትር ሲያይ ይዋሻል» ይል ነበር። እውነቱን ነው። ቦርጫሙ ሆዱን ይስባል፣ ጎባጣው ቀጥ ይላል፣ አጭሩ በእግር ጣቱ ሊቆም ምንም አይቀረው። አጎቴ ይህን የመጀመሪያ ልክ በትሕትና ይመዘግባል። ከዚያ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ወሬ ይጀምራል፤ ስለ ልጅ፣ ስለ ኳስ፣ ስለ ጉልበት ሕመም። ሰውየው ወሬው ሲጥመው ሰውነቱ ይለቀቃል። ያኔ አጎቴ ሳያስታውቅ እንደገና ይለካዋል። ጨርቅ የሚቆርጠው ሁልጊዜ በሁለተኛው ልክ ነው።

ፊት መለየት ግን አልሆነለትም። ደንበኛው መንገድ ላይ ሰላም ሲለው ማን እንደሆነ ግራ ይገባዋል፤ ሰውየው ጀርባውን ሲያዞር «አሃ፣ አንተ የግራ ትከሻህ ዝቅ ያለው!» ብሎ ከኋላው ይጮሃል። ስንቱ ተቀይሞታል።

እማዬ ታናሽ እህቱ ናት። አባቴ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ሆኖት ነበር፤ ቀን ቀን እዚያ ጠባብ ሱቅ ውስጥ በመስኮቱ ሥር ተቀምጣ ቁልፍ ትተክልለታለች። እኔ ደግሞ ሠላሳ አልፎኝ የራሴን ቤት ይዣለሁ፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ፣ እናቴ ብቻዋን ማምሸቷ አንጀቴን ይበላዋል። ስለዚህ የሰፈሩን መድኃኒት ቤት የያዘው ፋርማሲስት ሊያገባት ሲጠይቅ ጮቤ የረገጥኩት እኔ ነኝ። እሷ ስታመነታ የወተወትኳትም እኔው ነኝ። ይህን ዛሬም ሳስበው ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል።

ግን ማን ያልወደደው ነበር? ሰው ሁሉ «ዶክተር» ነው የሚለው። ድምፁ ለስላሳ፣ ነጭ ጋዋኑ እድፍ የማያውቅ፣ ለልጆች ጎንበስ ብሎ የሚያወራ፣ ለአሮጊቶች በር የሚከፍት። ስለ እሱ ክፉ የሚያወራ ቢገኝ ሰፈሩ በጫማ የሚለው ይመስለኛል።

ለሠርጉ ሙሉ ልብስ ሊያሰፋ መጣ። አጎቴ የመጀመሪያውን ልክ ወሰደና ወሬ ጀመረ። ስለ ኳስ ሞከረ፣ ሰውየው ፈገግ ብሎ ቀጥ እንዳለ ቀረ። ስለ ጤና ሞከረ፣ ያው ነው። በመጨረሻ «ከደንበኞችዎ የሚያስቸግርዎት የለም?» አለው። ሰውየው ጥቂት አሰበና ስለ አንዲት አሮጊት ማውራት ጀመረ፤ መድኃኒቱ ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብላ ሦስቴ የምትጠይቅ አሮጊት። ድምፁ እንደ ወትሮው ለስላሳ ነበር። አጎቴም ሜትሩን አነሣ።

ማታ ቤቴ መጣና ሻዩን ሳይቀምስ «ሜትሬ ተበላሽቷል» አለኝ።

«ሜትር ደግሞ ምኑ ይበላሻል?»

«እኔ እንጃ። የቀኝ ክንዱ በአራት ጣት ረዘመብኝ። ጀርባው ተቆለለ፣ አንገቱ ወደ ፊት መጣ። በሰው ላይ የሁለት ጣት ልዩነት አይቼ አላውቅም፣ ልጄ። በእጄ ሥር ሌላ ሰው የገባ መሰለኝ።»

«አርጅቻለሁ በለኛ!» ብዬ ሳቅኩበት። በማግስቱ አዲስ ሜትር ገዛ፤ ሲያስተያየው ከአሮጌው ጋር አንድ ሆነበት። ያኔ ሊያስቸግረው የሚችል ነገር እንዳለ ገብቶት ሁለተኛውን ልክ መተው ይችል ነበር። እሱ ግን ሌላ አሠራር አያውቅም፤ ዕድሜ ልኩን ከዓይኑ ይልቅ ያንን ሜትር ነው ያመነው። ጨርቁን በሁለተኛው ልክ ቆረጠው።

ለሙከራ የመጣው ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛው ላይ ተኝታ ነበር። እማዬም እኔም አለን። ኮቱን ሲለብሰው ሳቄ አመለጠኝ። የቀኙ እጅጌ ጣቶቹን ውጧቸዋል፣ ጀርባው ላይ ትራስ የሚያስገባ ክፍተት አለ።

«ጋሼ፣ የሌላ ሰው ልብስ ነው መሰለኝ የሰጡኝ» አለ እሱም እየሳቀ።

እማዬ ወንድሟን በዓይኗ ቆንጥጣ ተነሣች። እጅጌውን ይዛ «እዚህ ጋ ይሰፋሃል?» አለችው።

«አዎ የኔ ቆንጆ።»

እሷ መርፌዋን ፈልጋ፣ ክር አስገብታ፣ ረስታው ደግማ ጠየቀች። «እዚህ ጋ ነው የሚሰፋህ?»

«እዛው ጋ ነው።»

መርፌዋ ወደቀ። አንሥታ ቀና አለችና «የቱ ጋ ነበር ያልከኝ?» አለች።

እሱ ከላይ ሆኖ ያያት ጀመር። መጀመሪያ አንገቱ ወደ ፊት መጣ። ከዚያ ጀርባው፣ ቀስ እያለ፣ ያንን ክፍተት ሞላው። የቀኝ ክንዱ ከትከሻው ወረደ፣ ወረደና ጣቶቹ ከእጅጌው ጫፍ ብቅ አሉ። ኮቱ ላይ አንዲት ሽብሽብ አልቀረችም። እውነት እላችኋለሁ፣ አጎቴ በሕይወቱ እንደዚያ ልክ የሆነ ልብስ ሰፍቶ አያውቅም።

«ነገርኩሽ» አለ። ድምፁን አላወቅሁትም። ወፍራምም ቀጭንም አልነበረም፤ ብዙ ጊዜ ሳይነገርበት የቆየ ድምፅ ነበር። የእናቴን እጅ አንጓ በሁለት ጣት ይዞ ከእጅጌው ላይ አነሣው፤ ጣቶቹ የነበሩበት ቦታ ነጭ ሆኖ ቀረ።

ወዲያው ሳቅ አለና ቀና አለ። ኮቱ እንደገና ሰፋው። «ይጠበብልኝ እንጂ፣ ጋሼ» አለ በዚያ ለስላሳ ድምፁ።

እማዬ «ድስት ጥጄ ነው የመጣሁት» አለችና ወጣች። ድስትም አልጣደች፣ ተመልሳም አልመጣች። ሠርጉ እንደማይሆን በማግስቱ አስነገረችው።

ሰፈሩ አበደብን። ጋሽ ሁለቴ ነፃ ቁልፍ ተካይ እንዳያጣ ብሎ የእህቱን ዕድል ዘጋ ተባለ። ሰውየው ግን አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም፤ ሲጠይቁት «እግዜር አላለውም» ይላል፤ ይበልጥ ወደዱት። አጎቴ ኮቱን ለማጥበብ እጁ እምቢ አለው፤ ሰውየው እንዲሁ ወሰደው። በስድስት ወሩ አንዲት የሕፃናት አስተማሪ ሲያገባ ያንኑ ለብሶ ታየ። ተንዘርፍፎበት ነበር፤ ሰው ሁሉ የአጎቴን ስፌት ሰደበ።

ከዚያ ሠርግ በፊት እማዬ «ለልጅቷ እንንገራት» ብላኝ ነበር።

«ምን ብለን?» አልኳት። «ኮቱ ልክ ሆነለት ብለን? ቀናች ነው የሚሉሽ።» አፏን አስዘጋኋት። ፈርቼ ነበር፤ ለእሷ ሳይሆን ለራሳችን ስም።

ዓመት አልሞላም። የበጋው ሙቀት አስፋልቱን የሚያቀልጥበት ሰሞን አስተማሪዋ ሱቁ መጣች። ቀሚስ ልታሰፋ ነው። «አንገቱ ዝግ ይሁን፣ እጅጌው እስከ እዚህ» አለች፤ አንጓዋን አልፋ ጣቶቿ ሥር አሳየች። አጎቴ ሜትሩን ትከሻዋ ላይ ሲያሳርፍ ሴትዮዋ እንደተቃጠለ ሰው ዘለለች። አጎቴ ሜትሩን አጠፈና ኪሱ ከተተው። ሁለተኛ ሊለካ አልሞከረም።

እማዬ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ተነሣች። «እህቴ» አለቻት፣ «ካንቺ በፊት አይተነዋል። አልነገርንሽም።»

ሴትዮዋ አላለቀሰችም። «ብትነግሩኝም አላምናችሁም ነበር» አለች።

«ያን ጊዜ እንጂ። አሁንስ?»

ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። በብርጭቆ ውሃ ሰጠኋት። እዚያው እያለን የእሱን ድምፅ ከመንገዱ ሰማነው። ጎረቤቱን ሁሉ በየተራ ሰላም እያለ፣ የአንዱን ሳል እየጠየቀ፣ የሌላዋን ልጅ እያሞገሰ ይመጣል። እማዬ በሩን ከውስጥ ቀረቀረችው።

አንኳኳ። «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ። ባለቤቴ እዚህ ገብታ ነበር?»

አጎቴ ወደ እኛ ዞረ። ደንበኛን እምቢ ብሎ የማያውቅ ሰው ነው፤ አፉን ከፈተ። «የለችም» ሊል እንደሆነ አየሁት።

እማዬ ቀደመችው። «አለች» አለች በሩን አፍጥጣ እያየች። «አትመጣም።»

«ምን አልሽኝ?»

«አትመጣም።»

«አልሰማሁሽም» አለ፤ የድምፁ ለስላሳነት እያለቀ ነበር።

ሦስተኛውን የመለሰችለት እናቴ አይደለችም። አስተማሪዋ ብርጭቆውን መሬት አስቀምጣ፣ ተነሥታ፣ እጇን በሩ ላይ አድርጋ «አልመጣም» አለችው።

ከበሩ ወዲያ አንድ ነገር ሲንሸራተት፣ እንጨቱን ሲደገፍ ተሰማን። ቀጥሎ ያ የኮቱ ቀን የሰማነው ድምፅ መጣ። ምን እንዳላት አልጽፈውም። እኔ የሰማሁት ግን ከእሱ ኋላ፣ መንገዱ ላይ፣ ሰላም ሲላቸው የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ ዝም ሲሉ ነው።