ያላየኋትን አምስተርዳም ያስጎበኘሁ ጊዜ

ባለፈው ቅዳሜ ኦሎምፒያ፣ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ማኪያቶዬን ሳማስል የእህቴ ልጅ ቤዛ ደወለችልኝ።

«አክስቴ፣ አምስተርዳም ልሄድ ነው! ማለቴ፣ የሚወስደኝ ስብሰባ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ፈቃድ ወስጄ ዘና ማለት ነው የምፈልገው። ርካሽ ነገር እንዳትነግሪኝ፤ በቃ እንደ ሰው ልሂድ። ፕላን አውጪልኝ።»

«መቼ ነው?»

«ሚያዝያ አጋማሽ አካባቢ።»

አፌ ከሐሳቤ ቀደመ። «እንግዲያው ሆቴሉን ዛሬውኑ ያዢ። የአበባው ወቅት ስለሆነ ደህና ደህናው ቀድሞ ያልቃል። የውሃ ቦዩ ዳር ያሉት የድሮ ቤቶች በጣም ያምራሉ፤ ደረጃቸው ግን እንደ መሰላል ቀጥ ያለ ነው፤ ሊፍት እንዳላቸው ሳትጠይቂ እንዳትከፍዪ። ደግሞ ከተማ በቀየርሽ ቁጥር ሆቴል አትቀይሪ። አገሩ ትንሽ ነው፤ አንድ ቦታ ዕረፊና ዘ ሄግንም ዴልፍትንም በባቡር ደርሰሽ ተመለሺ። የሙዚየም ትኬት ከዚህ ሳለሽ ቁረጪ፤ በጠዋቱ ግቢ። ረጅም ተረከዝ አትያዢ፤ መንገዱ ሸክላ ነው፤ ቀይ በተቀባው መስመር ላይ ደግሞ እንዳትቆሚ፣ የብስክሌት ነው፤ ጠርገውሽ ነው የሚሄዱት።»

ቤዛ ሳቀች። «አንቺ ደግሞ! እዚያ ነው እንዴ ተወልደሽ ያደግሽው?»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እግሬ ጠረጴዛው ሥር መወራጨት ጀመረ። ንፋሱ ከካዛንቺስ በኩል አቧራ ይዞ ይመጣል። እዚያ ማዶ የማውቀው ሰፈር ግማሹ ፈርሷል፤ መንገዱ ሰፍቷል፤ ድሮ የምሠራበት ፎቅ የነበረበትን ቦታ ዛሬ በጣት ማሳየት አልችልም። ሂሳቤን ከፍዬ ተነሣሁና ወደዚያው በእግሬ ሄድኩ። ስሄድ ያ በልግ ታወሰኝ።

ያኔ ገና ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ነበርኩ። የምሠራው ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከአንድ ሥጋ ቤት በላይ ባለች ጠባብ የጉዞ ወኪል ቢሮ ነው። ምሳ ሰዓት ሲደርስ የጥብሱ ሽታ በደረጃው ወጥቶ ጠረጴዛችን ላይ ይቀመጣል፤ የምናርፈው በጾም ሲዘጋ ብቻ ነበር። አለቃዬ ጋሽ ፍሬው የአውሮፕላን ትኬት ይሸጣሉ፤ ደንበኛው ደህና አቅም ያለው ሲሆንና «ከመነሻ እስከ መድረሻ አዘጋጁልኝ» ሲል ደግሞ ሥራው ወደ እኔ ይመጣል። ከሐዋሳና ከባሕር ዳር ሌላ የረገጥኩት አገር አልነበረም። ይሁን እንጂ ከወንበሬ ጀርባ ትልቅ የአምስተርዳም ካርታ ለጥፌ ነበር። ቦዮቹ ከተማዋን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተደራርበው የከበቡባት ያቺ ካርታ ከእናቴ ቤት ግድግዳ ይበልጥ ትታየኝ ነበር።

ጓደኞቼ አንድ በአንድ ከአገር ወጥተው አልቀዋል። እኔ እቀመጣለሁ፤ እነሳለሁ፤ መስኮት ጋ እሄዳለሁ፤ ታክሲ ረዳቶች «ቄራ! ቄራ!» ሲሉ እሰማና የትም ይሁን ብቻ ዘልዬ መግባት ያምረኛል። እናቴ «ይቺን ልጅ ጉንዳን ላይ ነው የወለድኳት» ትል ነበር።

እትዬ ጥሩነሽ ቢሯችን የመጡት የዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ነው። ሰፋ ያሉ፣ አንድ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ሲናገሩ ክፍሉን የሚሞሉ ሴት ናቸው። ከሟች ባላቸው ጋር ቄራ አካባቢ ቆዳ ሲነግዱ ኖረው፣ ኋላ ሰንጋ ተራ ላይ ፎቅ ሠርተው ያከራዩ ነበር። ደረጃውን ወጥተው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ከጠበቁ በኋላ ካርታዬን አዩ።

«ሆላንድን የምታውቂው አንቺ ነሽ?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ሄደሽበታል?»

«አልሄድኩም።»

«ታዲያ በምን አወቅሽው?»

ውሸት አልመጣልኝም። «በመመኘት» አልኳቸው።

ከት ብለው ሳቁና ተቀመጡ። «በይ ስሚኝ፣ ልጄ። ዕድሜዬን ሙሉ እርጥብ ቆዳ ሳሸት ኖሬያለሁ። ታጥቤ ታጥቤ ሽታው ከአፍንጫዬ አልወጣም። በቴሌቪዥን የእነዚያን ሰዎች የአበባ ማሳ አየሁት። እሱ መሐል ቆሜ ማሽተት ነው የምፈልገው። ደግሞ በጥሩ ሆቴል፣ በጥሩ ወንበር። እስከ ዛሬ ለጉልበቴ አዝኜለት አላውቅም፤ አሁን ላዝንለት ነው።»

እንደዚያን ጊዜ በደስታ የሠራሁት ሥራ ትዝ አይለኝም። አበባው የሚፈነዳው ጾሙ ሳይወጣ ነው፤ ያ አገር ደግሞ ቅቤና አይብ ነው። ሆቴሉን አስቀድሜ ጽፌ ጠየቅሁ፤ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ የሌለበት ቁርስ እንደሚያዘጋጁ አረጋገጡልኝ። ለእራት የኢንዶኔዥያ ምግብ ቤቶችን መረጥኩ፤ ሩዙና አትክልቱ በቃሪያና በኦቾሎኒ ስጎ ስለሚሠራ የእኛ ሰው አፍ ይስማማዋል። የእነሱ ፋሲካ በዚያ ዓመት ከእኛ ስለሚቀድም፣ በዓሉ ላይ ዋጋው እንዳይሰቀል ጉዞውን ከእሱ ወዲያ አደረግሁት። ጃንጥላ ከንፋሱ ጋር አይዘልቅም፤ ኮፍያ ያለው ዝናብ ልብስ አስገዛኋቸው። ከሥሩ ጋቢ እለብሳለሁ ሲሉ አልተከራከርኩም።

አንድ ቀን ፕሮግራሙን ሳስረዳቸው እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«ይህን ሁሉ እኔ እንዴት እይዘዋለሁ? አንቺም ትሄጃለሽ። ወጪሽ በእኔ ነው።»

ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ፓስፖርት አወጣሁ፤ ቪዛ አብረን አመለከትን። ተመልሼ እመጣለሁ ወይስ እቀራለሁ የሚለውን ራሴን አልጠየቅሁትም፤ መልሱን ፈርቼው ይመስለኛል። ሮተርዳም የሄደች አንዲት የትምህርት ቤት ጓደኛ ነበረችኝ፤ «አንቺ ብቻ ድረሺ» ብላኛለች።

የእሳቸው ቪዛ ወጣ። የእኔ ተከለከለ። ለመመለሴ በቂ ዋስትና የለም የሚል ነበር ምክንያቱ። ከኤምባሲው ወጥቼ ቤቴ እስክደርስ የሄድኩበት መንገድ ዛሬም አይታወሰኝም። ዝናብ እንደመታኝ ያወቅሁት እናቴ ፎጣ ስታቀብለኝ ነው።

በማግስቱ እትዬ ጥሩነሽ ከትልቁ ልጃቸው ከሰሎሞን ጋር ቢሮ መጡ። ሰሎሞን ቁጣው ፊቱ ላይ ነበር።

«በቃ ይቅር፣ እማዬ። ብቻሽን የትም አትሄጂም። ቋንቋው የለሽ፣ ጉልበትሽ ያምሻል። እዚህም አበባ ሞልቷል።»

እውነቱን ለመናገር፣ በልቤ ቢቀር ደስ ባለኝ። እኔ ያልሄድኩበት ማንም አይሂድበት የሚል ነገር ውስጤ ይብሰከሰክ ነበር። እሳቸው ግን እኔን ነበር የሚያዩት።

«አንቺ ምን ትያለሽ? ብቻዬን እችለዋለሁ?»

ሰሎሞን አፈጠጠብኝ። ጋሽ ፍሬው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ካርታውን ዞር ብዬ አየሁት።

«ይችሉታል፣ እትዬ» አልኩ። «ግራ ከተጋቡ ይደውሉልኝ። ስልኬን አልዘጋም።»

«ሰማህ?» አሉ ልጃቸውን። «ቄራ ከነጋዴ ጋር ስፋጠጥ የኖርኩ ሴት፣ ብስክሌት ልፈራ ነው እንዴ!»

ሄዱ። ከሄዱ ወዲያ እኔ እዚህ የለሁም። ሰው ትኬት ሲጠይቀኝ ሁለት ጊዜ ያስደግመኛል። አሁን ባቡር ላይ ናቸው፣ አሁን ቁርስ ላይ ናቸው እያልኩ ሰዓት አያለሁ። ስልኬን ይዤ ደረጃውን እወርዳለሁ፤ ቆሎ ገዝቼ ሳልበላው እመለሳለሁ። ከማሳው ውስጥ ሆነው ደወሉ።

«አንቺ! ይሄ አበባ አይሸትም እኮ!»

«ምን?»

«አይሸትም! ቀዩንም ቢጫውንም አጎንብሼ አሸተትኩት፤ ምንም። ውበቱ ግን… እንዴት አድርጌ ልንገርሽ? መሬቱን ጥለት ያስገቡለት ነው የሚመስለው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ደግሞ ሳስበው፣ ምንም አለመሽተትም ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።»

ከዚያ በኋላ ባለው ቀን ከሰዓት፣ ጋሽ ፍሬው ለምሳ ወጥተው ብቻዬን ሳለሁ፣ ስልኩ ጮኸ።

«ልጄ፣ ጠፍቻለሁ።»

ድምፃቸው እንደ ወትሮው አይደለም። ከትራም ያለ ቦታው ወርደዋል። ዝናቡ ይሰማኛል። ጉልበታቸው አልታዘዝ ብሏል፤ ሆቴሉ የሰጣቸውን ካርድ ረስተው ወጥተዋል፤ ታክሲም አላዩም።

«ምን ይታይዎታል?»

«ውሃ። ድልድይ። ቀጫጭን ቤት፣ ተደጋግፎ የቆመ። የትም ብዞር ይኸው ነው! ሁሉም አንድ ነው!»

«አይዞዎት። ጥጉ ላይ ያለው ቤት ግድግዳው ላይ ሰሌዳ አለ። ፊደሉን አንድ በአንድ ያንብቡልኝ።»

«ኬ… ኢ… አይ… ዜድ…»

ወንበሬ ላይ ወጥቼ ጣቴን ካርታው ላይ አሳረፍኩ። ኬዘርስኽራኽት የሚባለው ቦይ። ሆቴላቸው ከእሱ ቀጥሎ፣ ወደ መሐል ከተማ ባለው ቦይ ላይ ነው። ግን ወዴት ይዙሩ? አንድ ጊዜ ከተሳሳትኩ እያራቅኋቸው ነው።

«እትዬ፣ ቀና ይበሉ። ጫፉ ላይ ሰማያዊ ዘውድ የደፋ የቤተ ክርስቲያን ግንብ አለ። ይታያል?»

ንፋሱ ብቻ ይነፍሳል።

«አየሁት! አየሁት፣ ከጣሪያው በላይ!»

«ጀርባዎን ይስጡት። አሁን ድልድዩ ከፊትዎ ነው?»

«ነው።»

«ይሻገሩት። ከዚያ ቀጥ ይበሉ፤ ቀዩን መስመር እንዳይረግጡ። ሁለተኛ ውሃ ሲያገኙ ይቁሙ።»

እሳቸው ሲራመዱ እኔም ቢሮው ውስጥ ወዲያና ወዲህ እላለሁ። ትንፋሻቸውን እሰማለሁ። የብስክሌት ቃጭል ይጮሃል፤ እሳቸው «ሂድልኝ!» ይላሉ በአማርኛ። ከመስኮቴ ውጪ ሥጋ ቤቱ በር ላይ የታክሲ ረዳት ይጣራል። በአንድ ጆሮዬ ካዛንቺስ፣ በሌላው አምስተርዳም። የምረግጠው ወለል የየትኛው እንደሆነ ለጊዜው ጠፍቶኝ ነበር።

«ውሃው ጋ ደርሻለሁ» አሉ። «ቆይ… ያ አረንጓዴ በር! የእኔ ሆቴል ነው! እመቤቴን፣ እሱ ነው!»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እንባዬ ለምን እንደመጣ አላውቅም።

«አትዝጊው» አሉ። ወደ ውስጥ አልገቡም፤ ዝናቡ አባርቶ ኖሮ ከበሩ አጠገብ አግዳሚ ወንበር አግኝተው ተቀመጡ። የሚያልፈውን ጀልባ፣ መስኮቱ ላይ የተኛችውን ድመት፣ ልጅ በብስክሌት ቅርጫት ጭና የምትበርረውን እናት ነገሩኝ።

«ልጄ፣ አንቺ መጥተሽ ቢሆን ኖሮ ትቀሪ ነበር አይደል?»

ዋሽቼ ልመልስ አልኩና አቃተኝ። «አላውቅም፣ እትዬ።»

«እኔ በአንቺ ዕድሜ ብሆን እቀር ነበር» አሉ። «ዞር ብዬም አላይ። አሁን ግን ፋሲካን ከልጆቼ ጋር መፈሰክ አለብኝ። ሰው እግሩ ሲያሳክከው እንደ ወንጀለኛ ማየት ደግ አይደለም። ማን ነው ከነበረበት ሳይነሣ ሰው የሆነ? እኔስ ከመንዝ በጭነት መኪና አይደል የመጣሁት?»

እስከዚያ ቀን ድረስ ስለዚህ ነገር የሚያነጋግረኝ ሁሉ ወይ ይመክረኝ ነበር፣ ወይ ይጠረጥረኝ ነበር። እሳቸው ግን እንደ ጓደኛ ነው ያወሩኝ።

ለፋሲካ ደረሱ። ጉልበታቸው አብጦ፣ ፊታቸው አብርቶ። ወሬያቸው ወዳጆቻቸውን ወደ ቢሯችን ይነዳቸው ጀመር፤ ጋሽ ፍሬውም እንደ ባልደረባ ያዩኝ ጀመር። በሁለተኛው ዓመት እንደገና አመለከትኩ፤ ወጣልኝ። ሄድኩ። ሮተርዳም ያለችው ጓደኛዬ አልጋ አንጥፋ ጠበቀችኝ። ሁሉም ነገር በካርታው ላይ እንደነበረው ነው፤ ከጠበቅሁት ይልቅ ቀዝቃዛ፣ ከጠበቅሁትም ይልቅ ውብ። የመመለሻዬ ቀን ሲደርስ ሻንጣዬን አነሣሁና ኤርፖርት ሄድኩ። ለምን እንደተመለስኩ ዛሬም አጥርቼ መናገር አልችልም። አገሬን ከጓደኞቼ አብልጬ ስለምወድ አይደለም። መቅረት እንደምችል ካየሁ በኋላ፣ የሚያሳድደኝ ነገር ትንሽ ፋታ የሰጠኝ ይመስለኛል። ጨርሶ ግን አልለቀቀኝም፤ ዛሬም በበልግ ንፋስ ወቅት ቤት ውስጥ መቀመጥ ያቅተኛል።

እትዬ ጥሩነሽ ካረፉ ቆይቷል።

የዚያኑ ቅዳሜ ማታ የቤዛ እናት፣ ታላቅ እህቴ፣ ደወለችልኝ። ልጇ ከእኔ ጋር ስለ ጉዞው እንዳወራች ሰምታለች።

«ላንቺ ሳትነግርሽ አትቀርም» አለች። «ትመለሳለች ወይስ እዚያው ልትቀር ነው? አንቺን አትደብቅሽም፤ እስቲ ጠይቂልኝ።»

«ከሰዓት የያዝንላት ሆቴል ጥሩ ነው» አልኳት። «ቁርሷንም አስተካክለናል።»

«እሱን አልጠየቅኩሽም።»

«አውቃለሁ፣ እታለም።»

ጭንቀቷ ይገባኛል፤ እናት ናት፤ ያለቻትም አንዲት ልጅ ናት። ለእሷ ብዬ አዝኛለሁ። ቤዛን ግን አልጠየቅኳትም፤ አልጠይቃትምም። ወጣት ልጅ ገና ሳትነሣ መመለሷን ማስማል እግሯን ከማሰር አይለይም፤ መልሱንም እሷ ራሷ የምታውቀው እዚያ ደርሳ፣ ብቻዋን የቆመች ጊዜ ነው። እኔ የምችለውን አድርጌያለሁ፤ መንገዱን አሳይቻታለሁ፤ ስልኬንም አልዘጋባትም።