የወልደ ገብርኤል አርባ

እናቴ ብርኽቲ ምን ያህል እንደምታናድድ የምናውቀው እኔና አባቴ ብቻ ነን። የሰፈራችን የላንቻ ሰው ግን ይወዳታል። ሰው ሲሞት የክርስትና ስሙን ለቄስ የምታስታውሰው እሷ ናት፤ የሟቹ ልጆች እንኳ ሲጠፋባቸው እሷን ይጠይቃሉ። ያሳደገችኝ የሀበሻ ቀሚስ እየጠለፈች ነው። የሁለቱም ዓይኖቿ ብሌን ጠባሳ ይዞ ሲደፈን ግን ጥልፉ ቀረ፤ እኔንም በድምፄ ትለየኝ ጀመር።

ለንቅለ ተከላው ስንት ዓመት ጠብቀን አንድ ቀን ተደወለልን፤ ለአንዱ ዓይኗ የለጋሽ ብሌን ተገኝቷል፣ ቶሎ ኑ ተባልን። በረርን። ሐኪሙ ገብቶ እየጠበቃት፣ እናቴ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ፣

"የሟቹ የክርስትና ስም ማነው?" አለች።

"እማማ፣ የለጋሽ ስም አይነገርም" አለቻት ነርሷ እጸገነት።

"እስላምም ከሆነ ንገሪኝ። ጎረቤቴ ዘይነባ ዱዓ ታስደርግለታለች።"

"አይነገርም አልኩዎት። ብሌኑ ላይ ያሉት ሴሎች በሕይወት የሚቆዩት ለትንሽ ጊዜ ነው። ዛሬ ቀዶ ጥገና ካልገቡ ለቀጣዩ ተረኛ ይሰጣል።"

"በሕይወት አሉ?" ጭራሽ ባሰባት። "ታዲያ ሰውየው ጨርሶ አልሄደም ማለት ነዋ! ስሙን ሳላውቅ እንዴት ዓይኔ ውስጥ አኖረዋለሁ? አርባውንስ በማን ስም ላስጸልይ?"

ለመንኳት፣ ጮህኩባት፣ አለቀስኩ። ወይ ፍንክች! እጸገነት ለተረኛው ለመደወል ስልኳን ስታነሳ አባቴ ሃድጉ ወደ በሩ ወጣ ብሎ ተመለሰ።

"ወልደ ገብርኤል ይባላል" አላት።

"ማን ነገረህ?"

"ጥበቃው።"

አማትባ ተነሳችና ገባች። እኔ የምለው፣ የሆስፒታል ምስጢር ጥበቃው ከየት ያውቃል? ይህን ግን አልጠየቀችም። እጸገነት አባቴን አፍጥጣ አየችው፤ እሱ ጣሪያውን ያያል።

ቀዶ ጥገናው ተሳካ። ጭጋጉ ቀስ በቀስ ከዓይኗ ሲገፈፍ ቤታችን በወልደ ገብርኤል ተሞላ። ጠብታ ስጨምርላት "ቀስ በይለት" ትለኛለች። አጠገቧ ሽንኩርት መክተፍ ክልክል ሆነ፤ ወልደ ገብርኤልን ያስለቅሰዋላ! "እናት ነበረችው ይሆን?" ብላ አባቴን ስትጠይቀው ሥራ አለኝ ብሎ ይወጣል። ጡረተኛ እኮ ነው። ሁለቱም ሊያሳብዱኝ ምንም አልቀራቸውም።

በአርባው ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። አባቴ ዳቦውን ተሸክሟል። ቄሱ የወልደ ገብርኤልን ስም ሲያነሱ እናቴ ዞር ብላ አባቴን አየችው። ዓይኗን ከነከሰው ከንፈሩ ላይ አልነቀለችም።

"ሃድጉ" አለችው በቀስታ፣ "ስትዋሽ ከንፈርህን ትነክሳለህ። ያን ቀን አይታየኝም ነበር።"

አባቴ አንገቱን ደፋ። እናቴ እንባዋ በአዲሱ ዓይኗ እየወረደ ወደ ቄሱ ተጠጋች።

"መምሬ፣ ስሙን አላውቀውም። የዚህ ዓይን ባለቤት ብለው ይድገሙልኝ።"