ደም የመሰለኝ ቀይ ዱቄት

በሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት ስልሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። በየስድስት ወሩ እየቀረብኩ ወደምፈርምበት የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት፣ አትላንታ መሃል ከተማ፣ ልጄ በመኪና አደረሰችኝ። "አባዬ፣ ፓርክ አድርጌ እመጣለሁ፤ ግባ" አለችኝ። እሷ እስክትመጣ ቀበቶዬንና የጫማዬን ክር ተቀብለው ምድር ቤት አውርደውኝ ነበር።

ክፍሉ መስኮት የለውም። ሲሚንቶው ይቀዘቅዛል። ሽንት ቤቱ እዚያው ጥግ ላይ ነው፤ መጋረጃ እንኳ የለውም። ሁለት ሰዎች ቀድመውኝ ተቀምጠዋል። አንዱ እዚያው አትላንታ አጠገብ ስማይርና የሚኖር፣ ታክሲ የሚነዳ ያገሬ ልጅ ነው፤ ሌላው ጢሙ የሸበተ ህንዳዊ።

ከቀትር በኋላ ጠባቂው ወረቀት ሰጠኝና ነገ ጠዋት ፈርሜ እንድጠብቀው ነግሮኝ ሄደ። ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው። እኔ አማርኛውንም የማነበው ፊደል እየለቀምኩ ነው።

"ይፈርሙ አባባ፣ ከዚህ የመውጫ ነው" አለኝ ባለታክሲው። "እኔም ፈርሜያለሁ።"

አገር ቤት ስብሰባ ላይ ተነስቼ በተናገርኩት ሁለት ዓመት ታስሬያለሁ። ብመለስ የሚጠብቀኝን አውቀዋለሁ። ስለዚህ መውጫ ሲለኝ ልቤ ቶሎ እሺ አለ። በር በተከፈተ ቁጥር ግን ብድግ እላለሁ። ፍርሃቱ ቢብስብኝ፣ ሳላስበው የድሮ የህንድ ፊልም ዜማ ማንጎራጎር ጀመርኩ። ቃሉን አላውቀውም። ደሴ በጉርምስናችን ሁላችንም እንዲያው ነበር የምናዜመው።

ህንዳዊው ቀና አለ። "ይሄን ከየት አመጣኸው?"

የሁለታችንም እንግሊዝኛ ስብርብር ነው፤ በእጅ እያገዝን አወራን። ፊልሙን ነገርኩት። የገጠር ልጅ ሸክላ ሠሪውን ትወዳለች፣ አባቷ ለሀብታም ሊድራት ነው፣ በመጨረሻ ሸክላ ሠሪው ሠርጉ ላይ ደርሶ ሕዝብ ፊት ይፈነክታታል።

"ይፈነክታታል?"

"ደሙ እኮ ፀጉሯ መሃል ይታያል! አረመኔ!"

ጢሙን ይዞ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። "ደም አይደለም ወንድሜ፣ ቀይ ዱቄት ነው። እኛ ዘንድ ባል ሚስቱን ሲያገባ ፀጉሯ መሃል ይቀባታል። አገባት እኮ! ሃምሳ ዓመት ሙሉ ያንን ምስኪን ስትረግመው ኖርክ?"

እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ቆመ። ደም ነው ያለን ሲኒማ ቤቱ ውስጥ ፊት ወንበር የሚቀመጥ፣ ህንድኛ እችላለሁ ባይ ልብስ ሰፊ ነበር። እሱ ይጮኻል፣ እኛ እናምናለን። ልጅቷ ፈገግ ስትል በዓይኔ አይቻለሁ። ዓይኔን ትቼ እሱን አመንኩ።

ወረቀቱን ለባለታክሲው ዘረጋሁለት። "መውጫ የሚለው የቱ ጋ ነው? በጣትህ አሳየኝ።"

አገላበጠው። "አባባ፣ ፎርም ሁሉ ያው ነው።"

"አንብበኸዋል ወይ ነው የምልህ።"

"ሌሎቹ ሲፈርሙ አየሁ።" ወረቀቱን መለሰልኝ። "ለኔም ያነበበልኝ የለም።"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ እንደዚያን ሰዓት ፈርቼ አላውቅም። ባልፈርም ምን እንደሚያደርጉኝ አላውቅም፤ ብፈርም በምን ላይ እንደምፈርም አላውቅም።

ዛሬ ክላርክስተን ልጄ ቤት ነኝ። ወረቀቱ በገዛ ፈቃዴ ወደ አገሬ መልሱኝ የሚል እንደነበር ልጄ የያዘችልኝ ጠበቃ ካስፈታችኝ በኋላ ነገረችኝ። ጉዳዬ ገና አላለቀም፤ በር ሲንኳኳ አሁንም እደነግጣለሁ። ባለታክሲው የት እንደደረሰ አላወቅሁም። ስለ ጀግንነት የሚያወሩኝ አሉ። እኔ የማውቀው መፍራቴን ነው።

ያኔ በማግስቱ ጠዋት ጠባቂው እስኪርቢቶ ይዞ መጣ። ተነስቼ ወረቀቱን እንዳለ፣ ሳልፈርምበት መለስኩለት። "አማርኛ" አልኩት። "በአማርኛ አንብቡልኝ።" እስኪርቢቶውን ዘረጋልኝ፤ አልተቀበልኩትም። አሁንም ፊቱን ወደ ግድግዳው ወዳዞረው ባለታክሲ አመለከትኩና "ለሱም" አልኩት።